ለመልቀቂያው ከመፈረምዎ በፊት

ወንድሜ፣ «አየር መንገዱ በፈቃዳቸው ለሚለቁ ሠራተኞች ገንዘብ አቅርቧል፤ ልፈርም ወይስ ቅነሳውን ልጠብቅ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ አሜሪካ በሻንጣ ጭነት ክፍል ስሠራ በ2020 በኮቪድ ወቅት ይኸው ስለገጠመኝ መልሴ አንድ ነው፤ አይፈርሙ።

1ኛ፦ ገንዘቡ ለማን እንደታሰበ ይመልከቱ። በዩኒየኑ (በሠራተኛ ማኅበሩ) ውል መሠረት ቅነሳ የሚጀምረው መጨረሻ ከተቀጠሩት ሲሆን፣ የእነሱ ደመወዝ ዝቅተኛ በመሆኑ ድርጅቱ ብዙ አያተርፍም። ስለዚህ ብዙ የሚከፈለውን ነባር ሠራተኛ በገንዘብ አባብሎ ማስወጣት ይፈልጋል።

2ኛ፦ በጊዜያዊነት የተቀነሰ ሰው በውሉ ለተወሰነው ጊዜ ተመልሶ የመጠራት መብት አለው፤ በፈቃዱ የለቀቀ ግን ይህንን ያስረክባል፣ እንደየስቴቱ ሕግም የሥራ አጥ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። በኮቪድ ወቅት ለአየር መንገዶች የደመወዝ ድጎማ የሰጠው የኬርስ ሕግ (CARES Act) ቅነሳን የከለከለበት ጊዜ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ሲያበቃ አሜሪካንና ዩናይትድ የተባሉት አየር መንገዶች ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ቀነሱ። በዲሴምበር መጨረሻ ድጎማው ሲታደስ ተመልሰው የተጠሩት እነዚሁ የተቀነሱት ናቸው።

3ኛ፦ የሰው ኃይል ክፍሉ እንዳያጣድፍዎት። እኔን ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ «ዛሬ ካልፈረምክ ዕድሉ ያልፍሃል» አለችኝ። ቤቴ ወስጄ ላንብበው ስላት ደግሞ፣ እንግሊዝኛው ከከበደኝ አስተርጓሚ እንዳመጣ በባልደረቦቼ ፊት ነገረችኝ፤ በዚያ ሁሉ በረዶና ሙቀት ሻንጣ ሲጭን ለኖረ ሰው እንዲህ መባል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መልስ ሳልሰጣት ወደ ዩኒየኑ ተወካይ ሄድኩ። እሱም፣ ዕድሜው 40 የሞላ ሠራተኛ እንዲህ በቡድን በሚቀርብ የመልቀቂያ ውል በዕድሜ መድልዎ የመክሰስ መብቱን እንዲተው ሲጠየቅ፣ የፌዴራል ሕግ ለማሰቢያ 45 ቀን፣ ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ 7 ቀን እንደሚሰጠው አሳየኝ። ይህንኑ በጽሑፍ አድርገን ለሰው ኃይል ክፍሉ ስናቀርብ «ዛሬ» የሚለው ነገር ቀረ። እኔም ፊርማዬን ነፍጌ፣ የጤና ኢንሹራንሴ ሳይቋረጥ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰድኩ፤ የአገልግሎት ዘመኔ ስላልተነካ ዛሬ ፈረቃ ከሚመርጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነኝ። ገንዘቡን ተቀብለው ከወጡት ጓደኞቼ መካከል በኋላ የሰው እጥረት ሲፈጠር የተመለሱ ነበሩ፤ የጀመሩት ግን በአዲስ ተቀጣሪ ደመወዝ ነው፣ ይህም በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ቅነሳው ቅደም ተከተልና ተመልሶ ስለመጠራት ያልኩት የሚሠራው በቀጥታ በአየር መንገዱ ለተቀጠረ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ተሽከርካሪ ወንበር በሚገፉባቸውና አውሮፕላን በሚያጸዱባቸው ኮንትራክተሮች ዘንድ ውሉ የተለየ ነው። እርስዎ ግን ነገውኑ የአገልግሎት ቅደም ተከተል ዝርዝሩን ከዩኒየኑ ተወካይ ጠይቀው ከእርስዎ በታች ስንት ሰው እንዳለ ይቁጠሩ፤ የመጠራት መብቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚገልጸውንም አንቀጽ በእጅዎ ያስገቡ።