የግቢ የእንጨት ወለል ስንት ይፈጃል? የጎንደር አናጢ መልሶች

ሰሞኑን ከማራኪም ከአዘዞም ስለ ግቢ የእንጨት ወለል ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ 4 በ3 ሜትር ቦታ አለኝ። በእንጨት ላስነጥፈው ስንት ልያዝ?

እህቴ፣ የእንጨት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ብዛቱን ልስጥሽ፤ አንቺ በዕለቱ ዋጋ አባዢው። ጣውላው 10 ሳንቲ ስፋት ካለውና በየመሃሉ ግማሽ ሳንቲ ክፍተት ከተተወ፣ ባለ 4 ሜትር 29 ጣውላ ያስፈልግሻል። 116 ሜትር ማለት ነው። ለቁራጭና ለተጣመመው አስር በመቶ ጨምረሽ 128 ሜትር ያዢ። ከሥሩ በየ40 ሳንቲው ባለ 3 ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ይጋደማል፤ 11 ፍሬ፣ 33 ሜትር። እሱን የሚሸከሙ ሦስት ወፍራም አግዳሚዎች አሉ፤ 12 ሜትር። ለእያንዳንዱ አግዳሚ ሦስት የሲሚንቶ እግር፣ በድምሩ 9። ቪቴ ደግሞ ጣውላው ሞራሌውን በሚያቋርጥበት ሁሉ ሁለት ሁለት ይመታል፤ 638 ይሆናል፣ 700 ግዢ። ቀለም፣ ማመላለሻና የእጅ ዋጋ ከዚህ ውጪ ነው።

አናጢዬ «ከሥር ያለው አይታይም፣ ርካሹን እናድርግ» አለኝ።

ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትሰማው! አንድ ግቢ ወለሉ ረገበ ተብዬ ሄጄ ነበር። ላዩ ቨርኒሹ ያበራል። አንድ ጣውላ ነቅዬ ሞራሌውን በካቻቢቴ ጫፍ ብነካው እንደ ዳቦ ገባልኝ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። ባሕር ዛፉን በቀጥታ አፈር ላይ አጋድመውት ነበር። ሰውዬው ሙሉውን ወጪ እንደገና አወጣ። በጣም ነው ያዘንኩለት።

ስለዚህ ገንዘብህ ካጠረ ወለሉን አሳንሰው እንጂ ሥሩን አትቀንስበት። የሲሚንቶው እግር ከመሬት 15 ሳንቲ ያህል ብቅ ይበል፤ በእሱና በእንጨቱ መሃል ቆርቆሮ ይግባ። ግቢህ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እግሩን ጠለቅ አድርገህ አስቆፍር። አቅም ካለህ ሥሩን በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) አሠራው። ዝገት መከላከያ ቀለም ብቻ አትርሳ።

ባሕር ዛፍ ነው ጽድ?

ምስጥን በመቋቋም ጽድ ይበልጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ከሕጋዊ ሻጭ በደረሰኝ ግዙ። ባሕር ዛፍ ለላዩ ይሆናል፣ ግን በደንብ ይድረቅ። እርጥቡ ተመትቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቪቴውንም ይነቅላል።

የተቃጠለ ዘይት ብቀባውስ?

እትዬ፣ ጤና አዳምና ጎመን ያለበት ግቢ ላይ አልመክርም። ዘይቱ ወደ አፈሩ ይወርዳል። የውጭ ቨርኒሽ ይሻላል፣ ቢያንስ በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሚደገም። የጣውላውን ጫፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በዚያ ነው።

ጎንደር ላይ ድንጋይ አይሻልም?

ሜዳ ከሆነ አዎ፣ እኔም ድንጋይ ነው የምለው። የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። ግን ብዙው ግቢያችን ተዳፋት ነው። ድንጋይ ለማንጠፍ መጀመሪያ ደጋፊ ግንብና ሙሌት ይጠይቃል፤ ወጪው እዚያ ላይ ያልቃል። እንጨት ግን አንዱን እግር ማስረዘም ብቻ ነው።

የእጅ ዋጋ በቀን ወይስ በካሬ ልስማማ?

በካሬ። መሬት ማስተካከሉ፣ እግር መቆፈሩና ቀለሙ የማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ጠቡ ሁሌ የሚነሳው ከእሱ ነው።

አሁን ሐምሌ ላይ ልጀምር?

አይ፣ ቆይ። ዝናቡ እስኪያባራ፣ እስከ ጥቅምት ታገሥ። እስከዚያ ጣውላውን ገዝተህ ጥላ ሥር ደርድረው፤ ነፋስ እንዲገባበት በየመሃሉ ቀጭን እንጨት አስገባለት።