«ፒክ አፕ»ን በቦታው መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

ስለ «ፒክ አፕ» ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ ብዬ ነበር። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ደጋግመው ሲሰናከሉ ያየሁት በዚህ ግስ ነው፤ በየቀኑ የሚያስፈልግ ስለሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንግሊዝኛውን በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እዚህ አሜሪካ ለሥራ ባልደረባዬ «ፒክ ሚ ፍሮም ዚ ኤርፖርት» ብዬ ጻፍኩለት። ገብቶት መጣ፤ ግን «አፕ» ቀርታለች አለኝ። አንዲት ቃል ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች?

መልስ፦ አዎ፣ ታመጣለች። «ፒክ» ብቻውን ሲሆን መምረጥ ወይም መልቀም ነው። «ዜይ ፒክ ኮፊ» ማለት ከዛፉ ላይ ቡና ይለቅማሉ ነው። «ዜይ ፒክ አፕ ኮፊ» ስትል ግን ከካፌ ጎራ ብለው ቡና ይዘው ይሄዳሉ ማለት ይሆናል። በሰውም እንዲሁ ነው፤ «ሺ ፒክት ማይ ሰን» የሚለውን አሜሪካዊ ሲሰማው ከልጆቹ መካከል የእኔን ልጅ መረጠችው ብሎ ነው የሚረዳው። ሰውን ካለበት ሄዶ መውሰድ ከሆነ «አፕ» አትቅር፦ «ካን ዩ ፒክ ሚ አፕ ፍሮም ዚ ኤርፖርት?» ያለ «አፕ» የሚሉት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ኬንያና ኡጋንዳም ትሰማዋለህ። እዚያ ይግባባሉ፤ አንተ ባለህበት ግን ሙሉውን ተናገር። በዚሁ አጋጣሚ፣ «ተቀበለኝ» ለማለት «ሪሲቭ ሚ» የሚሉም አሉ። ለዚህ ቦታ «ሚት ሚ» ወይም «ፒክ ሚ አፕ» ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ «ፒክ አፕ ሂም» ነው ወይስ «ፒክ ሂም አፕ»? ሁለቱንም ስሰማ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ «ፒክ ሂም አፕ» ነው። ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን አስይዛችኋለሁ። «ሚ፣ ዩ፣ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ አስ፣ ዜም» ሁልጊዜ መሀል ይገባሉ፦ ፒክ ሚ አፕ፣ ፒክ ኢት አፕ፣ ፒክ ዜም አፕ።

እኛ ለምን እንደምንሳሳት ሳስብ ምክንያቱን ከራሳችን ቋንቋ አገኘሁት። «አነሳሁት» ስንል የሚነሳውን ነገር የምታመለክተው «ት» ከግሱ ጭራ ላይ ናት። ግሱን ጨርሶ ከኋላው መለጠፍ ለምዶብናል፤ «ፒክ አፕ» ብለን ከጨረስን በኋላ «ኢት»ን የምናስከትለው ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የማደርገውን እናንተም ቤት ሞክሩት። ጠመኔ መሬት ላይ እጥልና አንድ ተማሪ ጎንበስ ሲል «ፒክ»፣ ጠመኔውን በእጁ ሲይዝ «ኢት»፣ ቀና ሲል «አፕ» እንዲል አደርጋለሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ቅደም ተከተሉን ሰውነቱ ራሱ ይይዘዋል።

ስም ሲሆን ነፃነት አለ፤ «ፒክ አፕ ዘ ፎን»ም «ፒክ ዘ ፎን አፕ»ም ልክ ናቸው። የሚነሳው ነገር በረጅም ቃላት ሲገለጽ ግን አትለያዩአቸው፦ «ፒክ አፕ ዘ ባግ አይ ሌፍት ኒር ዘ ዶር»። «አፕ»ን መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ሰሚው እስክትደርሱ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአማርኛ «አነሳ» በምንልበት ሁሉ «ፒክ አፕ» ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አይቻልም፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ስልክ ማንሳትና ከመሬት ማንሳት «ፒክ አፕ» ናቸው። ፎቶ ማንሳት ግን «ቴክ» ነው። ስብሰባ ላይ ጉዳይ ማንሳት «ብሪንግ አፕ» ወይም «ሬይዝ» ነው፤ «ሂ ፒክት አፕ አን ኢሹ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እገዳ ማንሳት «ሊፍት»፣ ከሥልጣን ማንሳት «ሪሙቭ»፣ ከምግብ በኋላ ገበታ ማንሳት «ክሊር ዘ ቴብል» ነው። የእኛ «አነሳ» ብዙ ይሸከማል፤ እንግሊዝኛው ሸክሙን ለብዙ ግሶች አከፋፍሎታል።

ጥያቄ፦ እኔ ቤይሩት ነው የምሠራው። አሠሪዬ ልጆቿን «ፒክ አፕ አፍተር ዩርሰልፍ» ትላለች። ልጆቹን ሳይሆን እኔን መስሎኝ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አንቺን አይመለከትም። ያዝረከረክከውን ራስህ ሰብስብ ማለት ነው። ለአንቺ ደግሞ ሌላ «ፒክ አፕ» ልስጥሽ። ትምህርት ቤት ሳትገቢ፣ ከሰው እየሰማሽ አረብኛ ለምደሽ ከሆነ «አይ ፒክት አፕ አራቢክ ኢን ቤሩት» በይ። ሥራ ስትጠየቂ ይህን ዓረፍተ ነገር ቀና ብለሽ ተናገሪው፤ ቋንቋን በጆሮ ብቻ መልመድ ትልቅ ችሎታ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ዜይ አር ፒኪንግ ኦን ሚ» አለኝ። ለጨዋታ መረጡኝ ማለቱ ነው ብዬ ጎሽ አልኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ የነገረሽ ሌላ ነገር ነው። «ፒክ ኦን» ማለት አንዱን ለይቶ ማስቸገር፣ መተንኮስ፣ ማሸማቀቅ ነው። ዛሬውኑ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ማን፣ የትና መቼ እንደሆነ በቀስታ ጠይቂው፤ ከዚያ መምህሩን አነጋግሪ። «ማይ ሰን ሴይዝ አዘር ኪድስ አር ፒኪንግ ኦን ሂም» ካልሻቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ጎሽ ያልሽው ስላልገባሽ ነበርና ይህንኑ ለልጁ ንገሪው።

ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ «ፒክ አፕ ኦን» ደግሞ ያልተነገረን ነገር ልብ ማለት ነው። እናት የልጇን ማዘን ከፊቱ ካነበበች «ሺ ፒክት አፕ ኦን ኢት» ይባላል። እዚህ ላይ «ኢት» መሀል አይገባም።

ጥያቄ፦ አነጋገሩስ? ፈረንጆቹ ሲሉት ሌላ ቃል ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ አያይዘው ስለሚሉት ነው። «ፒክ ኢት አፕ» በአፋቸው «ፒኪታፕ» ይሆናል፤ አሜሪካኖቹ «ት»ን ስለሚያላሉት ወደ «ፒኪዳፕ» ይጠጋል። ያለፈው ጊዜ «ፒክት» ነው፣ «ፒክድ» ወይም «ፒከድ» አይባልም። ግስ ሲሆን ጉልበቱን «አፕ» ላይ አድርጉ። ስም ሲሆን፣ ለምሳሌ ሁላችንም ፒክአፕ የምንላት መኪና፣ ጉልበቱ «ፒክ» ላይ ነው፤ ሲጻፍም እንደ አንድ ቃል ይገጠማል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ካን ዩ ፒክ አፕ ኤ ሺፍት?» አለችኝ።

መልስ፦ ተጨማሪ ሺፍት ትሠራለህ ወይ ማለቷ ነው።

ጥያቄ፦ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ሲሉስ ምኑን ነው የሚያነሱት?

መልስ፦ ምንም አያነሱም፤ ገበያው ራሱ ተነቃቃ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለሴት «ካን አይ ፒክ ዩ አፕ?» ማለት ነውር አለው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ቡና ቤት ውስጥ ለማታውቃት ሴት ከሆነ፣ አዎ፣ የማጥመድ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ሰዓትና ቦታ ከጨመርክበት ግን ጥርጣሬ አይኖርም፦ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ ፍሮም ወርክ አት ሲክስ»። ስታደርሳት ደግሞ «ድሮፕ ኦፍ» ነው። «ኦፍ»ን እንዳትረሳ፤ «አይ ድሮፕት ኸር» ብቻ ካልክ ከእጄ ጣልኳት ያልክ ይመስላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኤርፖርቱ ጠያቂ ነኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ ለጓደኛዬ ይህን ልልክለት ነው፦ «ማይ ማዘር አራይቭስ ኦን ሳተርዴይ። ካን ዩ ፒክ አፕ ኸር ፍሮም ዚ ኤርፖርት?»

መልስ፦ «አፕ»ን አስታውሰሃል፣ ጎበዝ። አሁን «ኸር»ን ወደ መሀል አስገባትና ላከው፦ «ካን ዩ ፒክ ኸር አፕ?» እናትህ በሰላም ይግቡልህ።