«ከአበረታች ነፃ» የተባለ ውድድር ሁሉ አንድ አይደለም

ጥያቄ፦ ሁለት የፓወርሊፍቲንግ (ከባድ ክብደት የማንሳት ስፖርት) ፌዴሬሽኖች በአንድ ወር ውስጥ ውድድር አላቸው። ሁለቱም «ከአበረታች ቅመሞች ነፃ» ነን ይላሉ። የትኛው ጋ ልመዝገብ? ጉንፋን ስለያዘኝም የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ክኒን እየወሰድኩ ነው፤ ያስቀጣል?

መልስ፦ ማስታወቂያውን ለጊዜው ይተዉትና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ናሙናው የሚላከው የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) ዕውቅና ወደሰጠው ላቦራቶሪ ነው? ከውድድር ውጪ ድንገተኛ ምርመራ አለ? የተቀጡ ስፖርተኞች ስም ይፋ ይወጣል?

ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ነው። ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚገነባ አበረታች ቅመም) የሚወስድ ሰው ውድድር ሲቃረብ ያቆማል። አንዳንዶቹ ዓይነቶች በሳምንታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉ፤ የተገነባው ጡንቻ ግን አብሮ አይወጣም። ስለዚህ በውድድር ዕለት ብቻ የሚደረግ ምርመራ የሚይዘው በአብዛኛው ቀን መቁጠር ያቃተውን ነው። በፖሊግራፍ (በውሸት መለያ መሣሪያ) «እናጣራለን» የሚሉም አሉ፤ እኛ ይህን ምርመራ አንለውም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን (አይፒኤፍ) የዋዳን ሕግ ፈርሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካውን ዩኤስኤ ፓወርሊፍቲንግ ከአባልነት ሲያስወጣ፣ ካጨቃጨቋቸው ነጥቦች አንዱ የምርመራው አካሄድ ነበር። ሁለቱም ግን ይመረምራሉ! ከመመዝገብዎ በፊት ደግሞ በአንዱ መወዳደር በሌላው እንደሚያሳግድ ወይም እንደማያሳግድ ደንቡን ያንብቡ።

ወደ ክኒኑ እንምጣ። ማሸጊያው ላይ «ሱዶኤፌድሪን» የሚል ካለ ይጠንቀቁ። በልምምድ ወቅት አይከለከልም፤ በውድድር ወቅት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ150 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። «የውድድር ወቅት» የሚባለው ደግሞ ከዋዜማው ምሽት 5፡59 ጀምሮ ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመው ያቁሙ፤ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከዚያም ቀደም ቢሉ ይሻላል። ካፌይንና ክሬቲን አይከለከሉም። ሐኪም ያዘዘልዎት የተከለከለ መድኃኒት ካለ ግን ለሕክምና የሚሰጠውን የተጠቃሚነት ፈቃድ አስቀድመው ያመልክቱ።

ብዙዎች የሚቸገሩት ናሙና መስጫው ክፍል ውስጥ ነው። ክብደት የሚለካው ውድድሩ ከመጀመሩ 2 ሰዓት በፊት ስለሆነ፣ ውሃ ቀንሶ የመጣ ሰው ከሚዛን እንደወረደ ሊትር በሊትር ይጠጣል። ከዚያ ሽንቱ ይቀጥናል። በአነስተኛው መጠን፣ ማለትም በ90 ሚሊ ሊትር፣ የሽንቱ ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ልኬት) ከ1.005 በታች ከሆነ ሌላ ናሙና ይጠየቃሉ። ያኔ ተጨማሪ ውሃ መጠጣት ነገሩን ያባብሰዋል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ሽንት ሲሰጡ ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ፆታ ያለው ተቆጣጣሪ አብሮ ገብቶ ያያል፤ እጅዎን በውሃ ብቻ ይታጠቡ፣ ሳሙና ይቅር። ከቀረቡት የታሸጉ ዕቃዎች አንዱን ራስዎ ይምረጡ። በ«ኤ» እና በ«ቢ» ጠርሙሶች ላይ ያለው ቁጥር ከቅጹ ጋር መግጠሙን ፊደል በፊደል ያረጋግጡ፤ ሽንቱንም ራስዎ ያከፋፍሉ፣ ክዳኑንም ራስዎ ይዝጉ። ባለፉት 7 ቀናት የወሰዱትን መድኃኒትና ማሟያ ሁሉ፣ ያንን የጉንፋን ክኒን ጨምሮ፣ ቅጹ ላይ ይጻፉ። ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለ ሳይፈርሙ በፊት በአስተያየት መስጫው ያስፍሩ። ተናደው ጥለው አይውጡ፤ ናሙና አልሰጥም ማለት ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። የቅጹን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።