ቁልፉን ማን ይዞታል?

ልጆቼ፣ ሕንፃ ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። ወጣት ባለሙያዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ከሳይት ይልቅ ትዝ የሚለኝ ከልጄና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ኢየሩሳሌም የዋልንበት ቀን ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀኑን እንደ ሥራ ፕሮግራም በሰዓት ሸንሽኜ ስድስት ቦታ ጻፍኩ። ያየነው ሦስት ነው። እሱንም ትንሹ ልጅ ጫማው ተረከዙን ልጦት እያለቀሰ። እባካችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ስድስት ቦታ አትጻፉ።

ጠዋት የእስራኤል ሙዚየም ገባን። የሙት ባሕር ጥቅልሎች የሚባሉት ጥንታዊ ጽሑፎች ያሉበት ቤት ነጭ ጉልላት አለው፤ ጥቅልሎቹ የተገኙባቸውን እንስራዎች ክዳን እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው። መሃል ላይ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢሳይያስ ጥቅልል ዙሪያውን ተዘርግቷል። የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጄ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ «ዋናው ነው?» አለች። ቅጂ ነው፤ ዋናው ብርሃን እንዳይጎዳው ተቀምጧል አልናት። ኩርፍ አለች። «ታዲያ ለምን መጣን?»

ያኔ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ነገርኳት። እነዚህ ጥቅልሎች በተገኙበት በቁምራን ዋሻ ውስጥ በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። ሙሉው መጽሐፍ ግን የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። እንዴት? አንድ ቁም ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ገለበጠው። እሱ ሲያልፍ ሌላው ከእሱ ገለበጠ። «ያም ቅጂ ነዋ!» አለችኝ። አዎ፣ ያም ቅጂ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በሌላ ዓይን አየሁት። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ማን ሠራው የሚለውን ነው። ማን ይዞ አቆየው የሚለውን ያስተማረን የለም። እናንተ ጠይቁ።

ከሰዓት የክርስቶስ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ መቃብር ደረስን። ስድስት አብያተ ክርስቲያናት ይጋሩታል፣ የእኛም አለችበት። የበሩ ቁልፍ ግን በሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ነው፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ይከፍታል። ከበሩ በላይ መስኮት ሥር አንድ የእንጨት መሰላል ተደግፎ ቆሟል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። አንዱ ቢያነሳው ሌላው ይቆጣል፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም።

ውስጥ ያለው የመቃብሩ ጎጆ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው። በ1947 እንግሊዞች ዙሪያውን በብረት ምሰሶ ደገፉት። ለጊዜው ነበር። እኛም ሳይት ላይ «ለጊዜው» እንላለን፤ ያ ለጊዜው ሰባ ዓመት ቆየ። ዋነኞቹ ባለድርሻዎች ተስማምተው የአቴንስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሥራ የጀመሩት በ2016 ነው። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ጨረሱ፤ ብረቱም ተነሳ። ሲሚንቶ አልጠፋም ነበር፣ የጠፋው ስምምነት ነው። እኔም ከዘገዩብኝ ሥራዎች አብዛኞቹን ያዘገየብኝ ስሌት ሳይሆን ፊርማ ነው። ስሌቱን ሶፍትዌር ይሠራላችኋል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥን ግን አሁኑኑ ተለማመዱ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት፣ ብዙም አስከፍሎኛል።

ሊመሽ ሲል ጣሪያው ላይ ወዳለው የእኛ ገዳም፣ ዴር ሱልጣን ወጣን። ዝቅ ዝቅ ያሉ የመነኮሳት ክፍሎች፣ መሃል ላይ ከሥር ላለው የቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት። ገዳሙ ከግብጾች ጋር ለዘመናት ያከራከረ ስለሆነ ጥገና በዋዛ የሚታሰብ አይደለም። አንድ አረጋዊ አባት ግቢውን ይጠርጉ ነበር። ልጆቹን በመስቀላቸው ባረኩ። ልጄ «አባቴ መሐንዲስ ነው» ስትላቸው መጥረጊያውን አስቀመጡና እጄን ይዘው ወደ አንዱ ግድግዳ ወሰዱኝ።

«እስቲ ይህን እየው ልጄ።» ልስኑ ተነስቶ ከሥሩ ድንጋዩ ይታያል። በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ፈረፈረ።

«የሁለት ቀን ሥራ ነው አባ» አልኳቸው።

ሳቁ። «እሱስ የአንድ ቀን ነው» አሉና መጥረጊያቸውን አነሱ። «ፈቃዱስ?»