ሳንባ ላይ ድርቀት፣ ቆዳ ላይ ጨው፦ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ላይ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለዚህ በሽታ ከደሴም ከባቲም ጥያቄ ስለበዛብኝ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደሴ)፦ ጋሼ፣ በሽታው የሳንባ ነው የጨው?

መልስ፦ መነሻው ጨው ነው። ሲኤፍቲአር የሚባል ፕሮቲን የሴል ሽፋን ላይ ቻናል፣ ማለትም ማሳለፊያ በር፣ ሆኖ ተሰክቶ ክሎራይድ (የጨው አንዱ ክፍል) እና ባይካርቦኔት ያሳልፋል። የዚህ ፕሮቲን ጂን የተገኘው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ይታመማል። ከአንዱ ብቻ ከሆነ፣ አብሽር፣ ተሸካሚ ነው እንጂ በሽታው የለበትም።

ጥያቄ፦ አንድ ቻናል ቢበላሽ ሌሎቹ አይተኩትም?

መልስ፦ ቲኤምኢኤም16ኤ የሚባል ሌላ የክሎራይድ ቻናል አለ፤ ግን ጉድለቱን አይሞላም። ዋናው ጣጣ ጎረቤቱ ነው። አየር ቧንቧ ላይ ኢናክ የሚባለው ቻናል ሶዲየም ወደ ሴሉ ያስገባል። ሲኤፍቲአር ደግሞ ክሎራይድ ያወጣል። ውሃ ጨው ወዳለበት ስለሚሄድ፣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቧንቧው በልኩ ይረጥባል። ሲኤፍቲአር ሲጠፋ ማውጣቱ ይቀራል፣ ኢናክ ግን ማስገባቱን አይተውም። አክታው ይወፍራል፣ ጠራጊዎቹ ጥቃቅን ፀጉሮች ያቅታቸዋል፣ ባክቴሪያ ይሰፍራል። ኢናክ ያኔ ከልኩ በላይ ይሠራል ወይ የሚለው ያከራክራል፤ በሽታው ያለባቸው አሳማዎች ላይ ሲጠና እንዲያ አልታየም። እኔ ባይካርቦኔቱ ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም ባይ ነኝ፤ ያለ እሱ አክታ በወጉ አይፍታታም።

ጥያቄ (እናት፣ ባቲ)፦ ጨው አይወጣም ካሉ፣ ላባቸው ለምን ጨው ጨው ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደህና አድርገሽ ያዝሽኝ! ላብ ዕጢ ላይ ሥራው ተገላቢጦሽ ነው። ላብ ከሥሩ ሲመነጭ ጨዋማ ነው። በቱቦው ወደ ቆዳ ሲወጣ ሲኤፍቲአር ክሎራይዱን፣ ኢናክ ሶዲየሙን ወደ ሰውነት ይመልሳሉ። እዚህ ሲኤፍቲአር ከሌለ ኢናክም ይሰንፋል፣ ጨው ቆዳ ላይ ይቀራል። የላብ ምርመራም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ክሎራይዱ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታውን ያመለክታል። በቆላ ሙቀት እንዲህ ላለ ልጅ ውሃ ብቻ አይበቃውም፣ ጨውም ይፈልጋል። ግንባርሽ ላይ ነጭ ነገር ስላየሽ ግን አትደንግጪ፤ ባቲ ገበያ ሲዋል ማንም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከልክ በላይ ቢከፈትስ?

መልስ፦ ኮሌራ ነዋ! የባክቴሪያው መርዝ አንጀት ላይ ሲኤፍቲአርን እንደተከፈተ ያስቀረዋል። ክሎራይድ ይፈሳል፣ ውሃም ይከተላል።

ጥያቄ፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ ኢቫካፍቶር የሚባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ ቻናሉ እንዲከፈት ያግዛል። በብዛት የሚታየው የጂኑ ብልሽት፣ ኤፍ508ዴል የሚባለው፣ ግን ፕሮቲኑን በትክክል እንዳይታጠፍ ያደርገዋልና ሽፋኑ ላይ እንኳ በቅጡ አይደርስም። ያልደረሰ ምኑ ይከፈታል? በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሦስት መድኃኒት ጥምር ያደርሰዋልም፣ ይከፍተዋልም። ዋጋው ግን አይቀመስም።