ረቂቅ አዋጅ የት ላይ ነው የሚታረመው? የቦሌ አራብሳ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

የብሎካችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ አዋጁ ዞረ። ለፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ በባለሙያነት ስለሠራሁ ጥያቄው ወደ እኔ ጎረፈ። ሰዓቱ ስላልበቃን እዚህ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ አዋጅ የሚያረቁት የምክር ቤት አባላት ናቸው?

አባላትም ረቂቅ ማቅረብ ይችላሉ። አብዛኛው ግን የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የአባላቱ ትልቁ ሥራ የመጣውን ማረም ነው።

በቴሌቪዥን የምናየው እጅ ሲያወጡ ብቻ ነው። እርማቱ መቼ ነው?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ረቂቁ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ቀርቦ «ለዝርዝር እይታ» ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያነባል፤ አርቃቂውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ያፋጥጣል፤ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያዘጋጃል። ከዚያ ማሻሻያዎቹን ከሪፖርትና ከውሳኔ ሐሳብ ጋር ይዞ ይመለሳል። እናንተ የምታዩት ይሄን የመጨረሻውን ቀን ነው። አባል በዚያ ቀንም ተነስቶ «ይህ ንዑስ አንቀጽ እንዲህ ይባል» ማለት ይችላል፤ ግን ኮሚቴው የተስማማበትን ለማስቀየር በጣም ይከብዳል።

ታዲያ እኛ በአስተያየት መድረኩ ላይ ምን ብናቀርብ ይጠቅማል?

መድረክ ላይ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ብሶቱን ተናግሮ ይሄዳል። ብሶቱ እውነት ነው፣ ግን አንቀጽ አይሆንም። እኔ የምመክረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው አጻጻፍ፣ እንዲተካ የምትፈልጉት አጻጻፍ፣ ምክንያቱ። ለምሳሌ ረቂቁ «ካሳ በአጭር ጊዜ ይከፈላል» ቢል፣ «በ60 ቀን ውስጥ ይከፈላል» ብላችሁ ጽፋችሁ ስጡ። አንድ አባል ይህን ከያዘ ኮሚቴው ውስጥ የሚከራከርበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

እኔ ተከራይ ነኝ። የኪራይ አዋጁ ከወጣ በኋላስ ማስለወጥ ይቻላል?

ይቻላል የኔ ልጅ፣ ግን በማሻሻያ አዋጅ ነው፤ እሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። እነዚህን መቀየር የፓርላማ ሥልጣን ነው። የዓመቱን የጭማሪ መጠን የሚወስነው ግን ከተማ አስተዳደሩ ነው። ስለ ጭማሪው አቤት የምትይ ከሆነ አራት ኪሎ ድረስ አትልፊ።

ጥቂት አባላት ቢቃወሙ ምን ዋጋ አለው?

ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለመወሰን የሚበቃው የተሰብሳቢ ቁጥር፣ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኝ ነው፤ ውሳኔው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ያልፋል። በየካቲት 2012 የጥላቻ ንግግር አዋጁ ሲጸድቅ 23 አባላት ተቃውመዋል። አዋጁን አላስቀሩትም። ቢሆንም ተቃውሞው ተመዝግቧል፤ መራጩም ተወካዩ ምን እንዳለ መጠየቅ ይችላል። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሬዚዳንቱ ባይፈርሙስ?

በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ አለ።

መድረኩ መቼ እንደሚጠራ በምን እናውቃለን?

ምክር ቤቱ በሚዲያና በራሱ ገጾች ያስታውቃል። ሥራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለው። ሰኔ ላይ ሥራ ይደራረባል፣ ስለዚህ ወረቀታችሁን ቀደም ብላችሁ አድርሱ።