ጎነ ሦስት ያለ ካልኩሌተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ብሔራዊ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ፣ የጎነ ሦስት ጎንና አንግል ፍለጋ የከበዳችሁ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከ12ኛ ክፍል ተማሪ እስከ ግንበኛ ጠይቃችኋል፤ በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ30፣ የ45 እና የ60 ሳይንና ኮሳይን ይምታታብኛል። ሰንጠረዡን ሸምድጄ እገባለሁ፣ ፈተናው ሲጀመር ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ሰንጠረዡን ተወው፣ ሁለት ሥዕል ይበቃሃል። መጀመሪያ ሦስቱም ጎኖቹ 2 የሆኑ ጎነ ሦስት ሣል። አንግሎቹ ሁሉ 60 ናቸው። ከአናቱ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርድና ለሁለት ክፈለው፤ ከዚያ ግማሹን ብቻ ተመልከት። ታች ያለው ጎን 1፣ ሃይፖቴነሱ (ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን) 2፣ ቁመቱ ደግሞ በፓይታጎረስ √3 ነው። የታችኛው አንግል 60 እንደሆነ ቀርቷል፣ የአናቱ ግን ተከፍሎ 30 ሆኗል። ሳይን ማለት ከአንግሉ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለሃይፖቴነሱ ሲካፈል ነው፤ ኮሳይን ደግሞ ከአንግሉ አጠገብ ያለው ጎን ለሃይፖቴነሱ ሲካፈል። አሁን ከሥዕሉ አንብብ፦ ከ30 ፊት ለፊት ያለው ጎን 1 ነው፣ ስለዚህ ሳይን 30 ማለት 1/2 ነው። ከ60 ፊት ለፊት ያለው √3 ስለሆነ ሳይን 60 ማለት √3/2 ነው። ታንጀንት 60ም (ፊት ለፊት ያለው ጎን ለአጠገቡ ጎን ሲካፈል) እዚያው አለልህ፣ √3።

ሁለተኛው ሥዕል ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ቁረጠው፤ ሃይፖቴነሱ √2፣ ሁለቱ አንግሎች 45። ፈተና ክፍል ገብተህ እንደተቀመጥክ ሁለቱንም ለማስሊያ በተሰጠህ ወረቀት ጥግ ላይ ሣላቸው። የተሸመደደ ነገር በድንጋጤ ይጠፋል፤ ሥዕሉን ግን እንደገና መሥራት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ መልሴ 5√3 ላይ ቆመ። ወደ ቁጥር ልቀይረው?

መልስ፦ አትቀይሪው፣ ያለቀ መልስ ነው። ምርጫዎቹ በአሥርዮሽ ከመጡ ብቻ √3ን 1.73፣ √2ን 1.41 አድርገሽ አባዢ።

ጥያቄ፦ ልጄን የማስጠናት እናት ነኝ። 90 ዲግሪውን የሚሠሩት ሁለት ጎኖች 4 እና 6 ሲሆኑ ሃይፖቴነሱን ስንፈልግ √52 ላይ ቆምን።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎበዝ ነዎት፣ እስከዚያ በትክክል ደርሰዋል። ከ52 በታች የሚቀርበው ሙሉ ካሬ 49 ነው፣ ሥሩም 7። ከ49 እስከ 52 ያለው ልዩነት 3 ነው። ይህን 3 ለ7 እጥፍ፣ ማለትም ለ14 ያካፍሉት፤ 0.21 ገደማ ይሆናል። 7 ላይ ሲደምሩት 7.21 ነው። ልጅዎ 7.21ን በራሱ አባዝታ ታረጋግጥ፤ 51.98 ይመጣላታል።

ጥያቄ፦ ሦስቱ ጎኖች 5፣ 7 እና 8 ናቸው። ቀጤ ዘዌ (90 ዲግሪ አንግል) የለውም፤ አንግሉ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ በኮሳይን ሕግ። ከ7 ፊት ለፊት ላለው አንግል፣ የሌሎቹን ሁለት ጎኖች ካሬ ደምረህ የ7ን ካሬ ቀንስ፦ 25 ሲደመር 64 ሲቀነስ 49 እኩል ይሆናል 40። ይህን ለ2×5×8፣ ለ80 ስታካፍለው 1/2 ነው። ኮሳይኑ 1/2 የሆነው ደግሞ 60 ዲግሪ ነው። 3፣ 5፣ 7ን ራስህ ሞክር፤ ኔጌቲቭ 1/2 ከመጣልህ አትደንግጥ፣ አንግሉ 120 ነው።

ጥያቄ፦ አንግሉ እንደ 30፣ 45 ወይም 60 ካሉት አንዱ ባይሆንስ? ለምሳሌ 3፣ 4፣ 5።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ቀጤ ዘዌ ላለው ጎነ ሦስት የሚሠራ ግምት አለ፦ አጭሩን ጎን በ86 አባዛ፣ ከዚያ የሌላውን ጎን ግማሽ ሃይፖቴነሱ ላይ ደምረህ ለድምሩ አካፍል። እዚህ ድምሩ 5 ሲደመር 2 ስለሆነ 258 ለ7፣ ማለትም 36.86 ይወጣል። ትክክለኛው 36.87 ነው! ትንሹን አንግል እንደሚሰጥህ ብቻ አትርሳ፤ ሌላውን ከ90 ቀንሰህ አግኘው።

ጥያቄ፦ ግንበኛ ነኝ። መሠረት ስናወጣ በክር 3፣ 4፣ 5 ሜትር እንለካለን። ለሰፊ ቤት ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 9 እና 16 ተደምረው 25 ስለሚሆኑ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ችግሩ የሜትር መንሸራተት ነው። 5ቱ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ብትስት፣ 12 ሜትር ግድግዳ ጫፍ ላይ ስትደርስ 5 ሴንቲ ያህል ትወጣለህ። በ6፣ 8፣ 10 ለካ፤ ያው 1 ሴንቲ ስህተት ጫፉ ላይ ወደ ሁለት ተኩል ሴንቲ ይወርዳል። አራቱም ማዕዘን ከወጣ በኋላ ደግሞ ክሩን ከጥግ ወደ ጥግ ወጥርና ሁለቱን ሰያፎች አስተያይ፤ እኩል ካልሆኑ ካስማውን ሳትነቅል ቁፋሮ አትጀምር።